ሁለት ካርድ በአንድ ኪስ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። በሽታን ያወረደ፣ መድኃኒቱንም ያወረደ፤ ጉልበትን የሰጠ፣ ሲሻም የሚያነሣ፤ በስውር የምንሠራውንና በግልጽ የምንሠራውን አንድ አድርጎ የሚያይ ጌታ ጥራት ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ፈለጋቸውን በተከተለ ሁሉ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ከዚህ በኋላ፦

ዛሬ የማነሣው ነገር ለዓይን ትንሽ ነው። ሁለት ካርድ ነው። አንደኛው ጤና ጣቢያ ለታማሚ የሚሰጠው የቀጠሮ ካርድ ነው። ሁለተኛው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ካርድ ነው፤ በእሱ እህሉ ወይም ብሩ ይወጣል። ከኮሶዬ አፋፍ እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ደባርቅና ከዚያም ወዲያ ባለው ደጋችን ሁለቱንም በአንድ ኪስ የያዘ ወንድም አለ፣ እህት አለች። ጠዋት በቆፈን ተነሥቶ መድኃኒቱን ሊወስድ ወደ ጤና ኬላ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት ጎረቤቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ለተፋሰስ ሥራ ወደ ተራራው ይወጣሉ። አንደኛው ካርድ «ና» ሲለው፣ ሁለተኛው «የት ቀረህ?» ይለዋል። በመካከሉ ደግሞ የመንደሩ ዓይን አለ፤ «እየሄደ እየመጣ አይደል እንዴ፣ ምን ሆነና ነው እህል የሚሰፈርለት?» የሚል። በዚህ ነገር ላይ የታማሚው ግዴታ ምን እንደሆነ፣ ተጠቃሚ የሚለየው የቀበሌው ኮሚቴ ግዴታ ምን እንደሆነ፣ የኛ የጎረቤቶቹ ምን እንደሆነ ዛሬ አብረን እንይ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ሰውነታችን አማና ነው። የገጠር ዐረቦች ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው መታከም ይገባን እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ታከሙ ብለዋቸዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት ሕመም እንደሌለም ነግረዋቸዋል። ስለዚህ ዱዓ የሚያደርግ፣ ሩቅያ የሚያስቀራ ሰው መልካም አደረገ፤ ግን የቀጠሮ ቀኑን ካሳለፈ ከታዘዘው ግማሹን ጣለ። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ ለታማሚው በነፃ ነው የሚሰጠው። ፈተናው ያለው ከሁለተኛው ወር ወዲያ ነው። ሳሉ ይቆማል፣ የሌሊት ላቡ ይደርቃል፣ እህል መብላት ይጀምራል፣ ጉልበቱም ይመለሳል። ሰውዬው «ድኛለሁ» ይላል። ይህ ደግሞ ሰሊጥ አጨዳ ከሚደርስበት ወቅት ከገጠመ፣ ካርዱን ኮርኒስ ውስጥ ሰክቶ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ይወርዳል። እዚያ የሚቆጣጠረው የለም። ጀርሙ ግን አልሞተም፤ በግማሽ መድኃኒት ተለማምዶ ይነሣል፣ የመጀመሪያው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ልጆቹ ወደሚተኙበት ቤት ነው። ለቆላ ሥራ የሚወርዱ ልጆቻችንን የሚይዘው ካላዛርም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋት ነው፤ «አሥር ቀን ይበቃኛል» የሚባልበት አይደለም። ለሥራ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ከመሄዱ በፊት ለጤና ባለሙያው ይንገር፣ ወደሚሄድበት ጤና ጣቢያ የሚያስተላልፈውን ወረቀት ይዞ ይሂድ። ቀጠሮውን የጠበቀ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የጠበቀው፤ በዚህ መስጂድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞት የሚሰግደውን ወንድሙንም ጠብቋል። ይህን ማድረግ ግዴታው ነው።

እንግዲህ ሆዱስ? መድኃኒት ባዶ ሆድ ላይ ይከብዳል፤ በቀጠሮ ቀን የማይሠራ ሰው የዚያን ቀን እንጀራ ከየት ያምጣ? በእንግሊዝም በጀርመንም ያሉ ልጆቻችን እንደሚነግሩን፣ እዚያ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት ገንዘብ ይቆርጥለታል፤ ሲታመም የሐኪም ወረቀት ይዞ ያሳውቃል። በአገራችን እንዲህ ያለ የሥራ አጥ ክፍያ የለም። ለተቀጠረ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፦ የመጀመሪያውን ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ገብስና ድንች ለሚያርስ፣ በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ግን ይህ ሕግ አይደርሰውም። ለእሱ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አለ። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር፤ እህሉ እስኪደርስ ሰው በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ይሰደድ ነበር። ሴፍቲኔት ይህን ለመቅደም የተሠራ ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ በዚያ ይከፈለዋል። መሥራት የሚችል የሌለበት ቤት፣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት፣ ሳይሠራ በቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ሰውነቱ የተጎዳ ሕፃን የያዘች እናትም ለጊዜው ከሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ከእነሱ የሚፈለገው የጤና ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ ነው። እህሉ ለድንጋይ መሸከም ብቻ የሚሰጥ እንዳይመስለን።

ይህን የሴፍቲኔት ሥርዓት የሰው ብልሃት ብቻ አድርጎ የሚያይ ካለ ወደ ዲኑ ይመለስ። የረመዳንን ጾም ተመልከቱ። በሱረቱል በቀራ አላህ የታመመንና መንገደኛን ከጾም አሳርፏቸዋል። ግን እረፍቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕመሙ የሚያልፍ ሰው ያፈጥራል፣ ሲድን ያፈጠራቸውን ቀናት ቆጥሮ ይከፍላል። ሕመሙ የማይለቀው፣ እርጅና የተጫነው ደግሞ አይከፍልም፤ ስለ እያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። በሴፍቲኔትም ጊዜያዊና ዘላቂ ድጋፍ ማለት ይኸው ነው። የሶላትንም ነገር ተመልከቱ። ዒምራን ኢብኑ ሑሶይን (ረ.ዐ) ሕመም በያዛቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ይህንም ካልቻልክ በጎንህ ሆነህ ብለው አስተምረዋቸዋል። በዚህ ሶፍ ውስጥ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶች አሉ። ከመካከላችን እነሱን ሰነፍ ያለ ማን ነው? አላህ ፊት ተቀምጦ መቆም የተፈቀደለትን ሰው፣ እርከን ላይ ስላልቆመ ሰነፍ ነው የምንለው በምን ሥልጣናችን ነው? መድኃኒት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ነፍሰ ጡር የሆንሽ እህቴ፣ አትፈሩ። ከጤና ባለሙያው ወረቀት ተቀብላችሁ ለቀበሌው ኮሚቴ አሳውቁ፤ ካልሰሟችሁ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ ወደዚያ ሂዱ። ኪኒኑን ጥሎ ድንጋይ መሸከም ጀግንነት አይደለም። ሐቅን በሥርዓቱ መጠየቅም ልመና አይደለም።

አሁን ከበድ ወደሚለው እንምጣ። ሐቅ የሆነው ነገር ሰዓቱ ሲያልፍ ሐቅነቱ ያልፋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ ለሀብታምም፣ ጉልበቱ ለበረታ ጤነኛም እንደማትፈቀድ አስተምረዋል። ገመዱን ይዞ ወጥቶ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው እጁን ከሚዘረጋ እንደሚሻልም ተናግረዋል። ስለዚህ 6 ወሩ አልቆ፣ ሐኪሙ «ጨርሰሃል» ካለው በኋላ በበሽተኛ ስም የሚቀመጥ ሰው፣ ጾሙን ሳይከፍል ሁለተኛው ረመዳን እንደደረሰበት ሰው ነው። የሞተ አባቱን ስም ሳያስወጣ እህሉን የሚቀበል፣ ቤተሰቡን ከሚገባው በላይ የሚያስመዘግብ፣ የጤና መድን ካርዱን ላልከፈለ ዘመዱ አውሶ በእሱ ስም የሚያሳክም፣ እነዚህ ሁሉ ከመንግሥት የወሰዱ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። የሴፍቲኔቱ ኮታ የተቆጠረ ነው፤ አንተ ያለ አግባብ የያዝከው ቦታ ከዝርዝሩ በታች የቀረችው የአንዲት መበለት ቦታ ነው። በ2015 ክረምት ዝናቡ ቀርቶ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሰውና ከብት ሲጎዳ አይተናል። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ቁና ያለ ሐቅ መውሰድ ከማን አፍ እንደሚነጠቅ እናውቃለን። በቂያማ ቀን ያቺ መበለት ቆማ ትጠይቃለች። የዳነ ሰው ራሱ ሄዶ «ድኛለሁ፣ ከጥር ጀምሮ ወደ ሥራው መልሱኝ» ይበል። ማንም ሳያጋልጠው ይህን ያለ ሰው እውነተኛ ሙእሚን ነው፤ ይህም ግዴታው ነው።

ግማሽ የዳነም አለና እሱን አንርሳ። ከመድኃኒት ወጥቶ ገና ያልበረታ፣ ግማሽ ቀን ችግኝ ማጠጣት የሚችል፣ ድንጋይ ግን የማይችል። እውነቱን ይናገር፤ የሚችለውን ያህል ይሥራ። የሥራ መሪዎችም «ወይ ሙሉ፣ ወይ ምንም» አትበሉት።

የተከበራችሁ ምእመናን! ቀቢሳ ኢብኑ ሙኻሪቅ የሚባሉ ሶሐባ ዕዳ ተሸክመው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጡ ጊዜ የተማሩት ነገር ለዛሬ ኮሚቴዎቻችን የተነገረ ይመስለኛል። መጠየቅ የሚፈቀደው ለሦስት ሰዎች ነው ተባሉ፦ ሰውን ለማስታረቅ ዕዳ ለተሸከመ፣ ንብረቱን መዓት ላጠፋበት፣ ችግር ለወደቀበትና ከገዛ ወገኖቹ ሦስት አስተዋይ ሰዎች «አዎ፣ ተቸግሯል» ብለው ለመሰከሩለት። ምስክሮቹ ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ ቤቱን የሚያውቁ ናቸው። በየቀበሌው ስም ሲለይ ተቀምጣችሁ «ይግባ፣ ይውጣ» የምትሉ ሰዎች እነዚያ ሦስቱ እናንተ ናችሁ። በሱረቱን ኒሳእ አላህ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። ለአጎት ልጅ ብሎ ማስገባትም፣ በድንበር ለተጣላህ ሰው ብሎ ማስወጣትም የሐሰት ምስክርነት ነው።

ዝምታም ምስክርነት ነው። ይህን የምለው ከራሴ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ የስም መለያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የአንድ ወጣት ስም ተነሣ። «ቁመናው ሙሉ፣ እጅ እግሩ ደህና፣ ምን ጎደለውና ነው ቀጥታ ድጋፍ?» ተባለ። ልጁ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ በየወሩ መድኃኒት ሊወስድ እንደሚመላለስ አውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ አግኝቼው ራሱ ነግሮኛል። አፌን ብከፍት «አንተ ምን አገባህ» እንዳልባል ፈራሁ። ዝም አልኩ። ስሙ ተሠረዘ። ለቀን ሥራ ሲዞር ቀጠሮዎቹ አለፉት፤ በዓመቱ ዘመዶቹ በገመድ አስረው መልሰው አመጡት። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ወደ ሕክምናው ተመልሷል፣ መንገድ ላይ ሲያየኝም ቀድሞ ሰላምታ ያቀርባል። ያን ቀን እያወቅኩ ዝም ማለቴን አያውቅም። ሰላምታውን ስመልስ አንገቴን እደፋለሁ፤ አላህ ዘንድ ስቆም የምመልሰውን ቃል እስካሁን አላገኘሁትም። እናንተ በእኔ ቦታ ስትቀመጡ ተናገሩ። የሕመሙን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነውሩን መሸፈን የወንድማችሁ ሐቅ ነው። «ሐኪም ይከታተለዋል፣ አሁን መሥራት አይችልም» ካላችሁ ይበቃል። ማስረጃውን ለጤና ባለሙያውና ለሚመለከተው ሰው ተዉት። ይህን ቃል መናገር ግዴታችሁ ነው።

ገበያ ላይም የምንለውን እንጠብቅ። ሰው የሚታመመው ተኝቶ ብቻ አይደለም። የስኳር ታማሚ ይራመዳል፣ የሚጥል ሕመም ያለበት ይስቃል፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ልብስ ቢያጥብ፣ ሠርግ ቢጠራ ይሄዳል። ሱረቱል ሑጁራት ጥርጣሬን፣ ስለላንና ሐሜትን በአንድ ስፍራ ከልክላለች፤ አንዱ ሌላውን ስለሚወልድ ነው። «ሴፍቲኔት የሚበላው» ብለን ስም ያወጣንለት ሰው ቀጣዩን ቀጠሮ ከኛ ዓይን ሸሽቶ ይተዋል። ምላሳችንን መሰብሰብ ለእሱ ከኪኒኑ የሚተናነስ አይደለም።

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት፣ እሱ መሐሪ አዛኝ ነውና።

(ሁለተኛው ኹጥባ)

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም ከእሳቸው ወዲያ ነቢይ በሌለው በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ወንድሞች ሆይ! ከየትኛውም ዝርዝር ውጭ የቀሩ ሰዎች አሉ። በ2012 በወረርሽኙ ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ሲመጣ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት በመምራት፣ በቅሎ በመንዳትና ምግብ በማብሰል ያድሩ የነበሩ የደባርቅ ልጆች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። በቅሏቸውን የሸጡ አሉ። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሌላቸው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ፣ በመጠጥና በጫት ራሳቸውን ሊያስረሱ የሚሞክሩ አሉ። ይህም ሕመም ነው፤ ይህም ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ከሱስ ለመውጣት የሚታገለውን «የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ተውበት የጀመረን ሰው ግን አላህ በደስታ ይቀበለዋል፤ እኛ ከአላህ በላይ ለመጠየፍ ማን ነን?

ለእነዚህ ሰዎች ሐቁ በኛ እጅ ነው። ሱረቱት ተውባ ዘካት የሚሰጣቸውን ስምንት ዓይነት ሰዎች ስትዘረዝር የጀመረችው በድሆችና በሚስኪኖች ነው፤ ባለዕዳዎችም እዚያው አሉ። ለሕክምና ብሎ የተበደረ፣ ለመኪና መሳፈሪያ ያጣ ሰው በዚህ ውስጥ ነው። ዘካትህን በረመዳን መጨረሻ ለማኝ እስኪመጣ አትጠብቅ። ለስድስቱ ወር ከፋፍለህ በየወሩ በሌሊት በሩ ላይ ብታደርስለት፣ የአንድ ሰው ሕክምና እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

ይህ ነገር በሃይማኖት አይቆምም። ዑመር (ረ.ዐ) በደጅ ሲለምን ያገኙትን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወስደው ሰጥተውታል፤ ለእሱና እሱን ለመሰሉት ከበይተል ማል እንዲቆረጥላቸውም አዘዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ አይሁዳዊ ልጅ ሄደው ጠይቀዋል። እኛ በዚህ ደጋ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ምንጭ እንቀዳለን፣ በአንድ ደቦ እናጭዳለን፣ ለቅሶ በአንድ ድንኳን እንቀመጣለን። ጤና ኬላው ወንበር ላይም ጎን ለጎን ነን። ጎረቤትህ ጸበል ሄዶ መድኃኒቱን ካቋረጠ በወዳጅነት «ጸበሉንም፣ ኪኒኑንም» በለው፤ ቄሱም ይህን ብትነግረው ደስ ይላቸዋል። የቀጠሮው ቀን በሬው ካልተጠመደ አንተ ጥመድለት። እናቶች፣ ቀጠሮ ያላት ጎረቤታችሁ ልጇን የምታስቀምጥበት እንዳታጣ። ይህ የጎረቤት ሐቅ ነው፤ እንጠየቅበታለን።

አላህ ሆይ፣ ታማሚዎቻችንን አሽር። መድኃኒቱን ጀምረው የደከሙትን አበርታቸው። በዝርዝር ላይ የሚፈርሙትን ፍትሕ ስጣቸው። ያለ ሐቃችን የበላነውን እንድንመልስ አግራልን፤ እያወቅን ዝም ያልንበትን ማረን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለደጋውም ለቆላውም ዝናብን ስጥ። አሚን።

ሶላቱ ሲያበቃ፣ በሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ኖሮት በቅሎ ወይም አብሮት የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ካለ፣ በሩ ላይ ለኢማሙ ብቻ በጆሮው ይንገረው። በቅሎ ያላችሁም ሳትነግሩት አትውጡ።